እርማት፦ ዋዝ በደረቅ አስፋልት ላይ የፊቱ አይገባለትም

«የሐረጎን ቁልቁለት ከደሴ ስትወርዱ የፊቱን አስገቡ፣ መንገድ ይይዛል» የሚለው ምክር፣ ማለትም የፊት ጎማዎችንም ከሞተሩ ጋር ማገናኘት፣ ለአሮጌው የወታደር ጂፕ ለዋዝ አይሠራም። ዋዝ 469 የፊትና የኋላውን ፍጥነት የሚያመጣጥን መካከለኛ ዲፈረንሻል የለውም። ኩርባ ላይ የፊት ጎማዎች ከኋላዎቹ የረዘመ መንገድ ይሄዳሉ። ጭቃ ላይ ጎማው ተንሸራቶ ልዩነቱን ይለቀዋል፤ በደረቅ አስፋልት ግን ጫናው ክሮቼራ (የዘንግ መጋጠሚያ) እና የማርሽ ጥርስ ላይ ይጠራቀማል። መሪ ይከብዳል፣ የፊቱ ማስገቢያ ማንሻም አልወጣም ይላል። አትታገሉት፤ መሪውን ቀጥ አድርጋችሁ ጥቂት ሜትር ወደ ኋላ ሂዱ፣ ይለቃል። የፊትና የኋላ ጎማ መጠን ከተለያየማ ቀጥ ባለ መንገድም ያው ነው።

ቁልቁለቱን የሚይዘው ሞተሩ ነው፤ ከአናቱ ላይ ሳላችሁ ማርሽ ቀንሱ። በፍሪ (ያለ ማርሽ) መልቀቅ ጭራሽ አይታሰብ፣ የፍሬን ሸራ ሲግል አይዝም። እርሻ ውስጥ ጭቃ ሲገጥም ግን መጀመሪያ የፊቱን፣ ከዚያ መኪናውን አቁማችሁ ከባዱን (ፍጥነት ቀንሶ ጉልበት የሚጨምረውን) ማርሽ አስገቡ።