ልጆቹን ከመውቀሳችን በፊት የራሳችንን ስልክ እናስቀምጥ

ስለ ስልክ ሱስ ወሬ ሲነሳ ጣት የሚቀሰረው ልጆች ላይ ነው። «የዘንድሮ ልጅ እኮ ከስልኩ ጋር ተጣብቆ ቀረ» ይባላል። ይህን የሚሉት አባት ግን ብዙ ጊዜ ራሳቸው ስልክ ይዘው ነው የሚናገሩት፤ ቀና ብለውም ልጁን አያዩትም። እኔ የምለው ነገሩ መጀመር ያለበት ከትልልቆቹ ነው። ከወላጅ፣ ከአለቃ፣ መስኮት ላይ ተቀምጦ ባለጉዳይ ከሚያስተናግድ ሰው።

እስቲ አመሻሽ ላይ ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ በእግራችሁ ሂዱ። የእግረኛ መንገዱ በኮሪደር ልማቱ ሰፍቷል፣ መቀመጫ ተሠርቷል፣ መብራቱም ያምራል። ሰው አረፍ ብሎ የሚጨዋወትበት ቦታ አገኘ ብዬ ከልቤ ደስ ብሎኝ ነበር። አሁን ግን አንድ አግዳሚ ላይ አራት ሰዎች ተቀምጠው፣ አራቱም አንገታቸውን ደፍተው ማየት የተለመደ ሆኗል። ሜክሲኮ የታክሲ ሰልፍ ላይም ያው ነው። ድሮ ሰልፍ ላይ ከማያውቁት ሰው ጋር ስለ ኑሮ ውድነቱም ስለ ኳሱም ይወራ ነበር፤ አሁን ሰልፉ ሄዶ እንኳ ከኋላው ያለው «ኧረ ወንድሜ፣ ቀጥል!» እስኪለው ድረስ ቆሞ የሚቀር ሰው ሞልቷል። ይሄ እንኳ ቀላሉ ነው። ያ ሰው በዚያው አኳኋን አስፋልት ሲሻገር ግን ያስፈራኛል። በአዲስ አበባ በትራፊክ አደጋ ከሚሞቱት አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው። ሾፌሩም አንድ እጁ መሪ ላይ፣ ሌላው ስልክ ላይ ከሆነ ማን ማንን ያያል?

ሰውን «ራስህን ግዛ» ብሎ መምከር ብቻውን አይበቃም። ዕቃው የተሠራው ከእጃችን እንዳናወርደው ተብሎ ነው። ድሮ የኢንተርኔት ገጽ ታች ሲደርሱ ያልቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 አዛ ራስኪን የተባለ አሜሪካዊ ባለሙያ፣ በጣት በተገፋ ቁጥር ሌላ እያመጣ ማለቂያ የሌለው ገጽ ሠራ። በኋላ ሰውየው ራሱ በአደባባይ ተጸጽቷል። የፌስቡክ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት የነበረው ሾን ፓርከርም እ.ኤ.አ. በ2017 እንቅጩን ተናገረ፤ ሲጀምሩት ሐሳባቸው የሰውን ጊዜና ትኩረት በተቻለ መጠን መውሰድ እንደነበር። ዘዴው የቁማር ነው። ቀጥሎ የሚመጣው ቪዲዮ ያስቅ ይሁን ያሰልች አይታወቅም፣ ስለማይታወቅም ጣት አያርፍም። የዓለም ጤና ድርጅት የጌም ሱስን በበሽታዎች ዝርዝር ውስጥ አስገብቷል፤ የስልክን ግን አላስገባም። ያስገባው አያስገባው፣ ቤታችን ውስጥ የሚያደርገውን እያየነው ነው።

እንቅልፍም ሄዷል። የሌሊት የኢንተርኔት ጥቅል ስለሚረክስ ወጣቱ ሌሊቱን ጠብቆ ነው የሚከፍተው። ገንዘብ የሌለው ሰው ምን ያድርግ፣ በዚህ አልፈርድበትም። ግን የቲክቶክ ላይቭ ሲያይ፣ አንበሳ የሚባለው ስጦታ ሲላክ ሲያይ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ይሆናል። ጠዋት ታክሲ ውስጥ ተኝቶ ረዳቱ «ሂሳብ!» ሲለው ነው የሚባንነው። በዚያ ጭንቅላት ነው እንግዲህ ክፍል ገብቶ የሚማረው፣ ሱቅ ከፍቶ የሚሸጠው።

ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበኝ ግን የቡናውና የለቅሶው ነገር ነው። የተጣላ ጎረቤት የሚታረቀው፣ የታመመ መኖሩ የሚሰማው፣ ሥራ ያጣ ልጅ «እዚያ ቦታ ሰው ይፈልጋሉ» የሚባለው ቡና ላይ ነው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እያለ ጊዜ የሚወስደውም ሰው እንዲጫወት ነው። አሁን አቦሉ ሳይቀዳ ግማሹ ሰው ቴሌግራም ውስጥ ገብቷል። እናት ጀበናውን ይዛ «ስኳር ስንት ላድርግልህ?» ስትል የሚመልስላት የለም። ዘመድ ልጠይቅ ብለው ከሩቅ ሰፈር በሁለት ታክሲ የመጡ አክስት ግድግዳ ግድግዳውን አይተው ይመለሳሉ። ከዚህ የባሰ ብቸኝነት አለ? ለቅሶ ቤት ደግሞ ሐዘንተኛው ፊት ተቀምጦ ስልኩን የሚያገላብጥ አለ፣ አስከሬን ሲወጣ እጁን ዘርግቶ የሚቀርጽ አለ። ለማን ሊያሳይ? ይሄ ነውር ነው። ነውር ነው ብለን ፊት ለፊት መናገርም አለብን፤ ዝም ባልን ቁጥር እየተለመደ ነው።

መሥሪያ ቤት ውስጥ ስልኩን ከጠረጴዛ ሥር ይዞ ባለጉዳይን «ትንሽ ጠብቁ» የሚለውንም ሁላችሁም ታውቁታላችሁ።

ስልኩን ጣሉት አልልም። ደሞዝ መግባቱ የሚታወቀው፣ ዕቁብ የሚላከው፣ ታክሲ የሚጠራው በእሱ ነው፤ ቴሌብር ከመጣ ወዲህ ቦርሳችንም ሆኗል። እኔ የምጠይቀው ለተወሰነ ቦታ ብቻ ነው፦ ቡና ላይ፣ ማዕድ ላይ፣ ለቅሶ ቤት፣ መንገድ ሲሻገሩ። ቡናና ማዕድ ላይ ደግሞ መጀመሪያ የሚያስቀምጠው የቤቱ ትልቅ ሰው ይሁን። ልጅ ምክሩን ሳይሆን የሚያየውን ነው የሚይዘው።

«አስቸኳይ ቢደወልልኝስ?» የሚል አይጠፋም። ሲደወል ይጮኻል፣ ተነስታችሁ አንሱ፤ መደወያውን ማንም አጥፉ አላለም። መጥፋት ያለበት የቴሌግራም ቻናሉ፣ የቲክቶኩና የፌስቡኩ ኖቲፊኬሽን ነው። ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ ማጥፋት ብዙ ጊዜ አይወስድም፣ ካልቻላችሁ ልጆቹ ያሳዩአችኋል። ዛሬ ማታ እራት ከመቅረቡ በፊት አድርጉት፣ መጀመሪያ የእናንተን፣ ከዚያ የእነሱን።