ሒሳብ ማወቅና ሒሳብ ማስተማር ለየቅል ናቸው
"ሒሳብ የሚያውቅ ሰው ማስተማር አያቅተውም፤ ከዲግሪ በኋላ ያለው የአንድ ዓመት የመምህርነት ሥልጠና፣ ፒጂዲቲ፣ ጊዜ ማባከን ነው" የምትለዋ ነገር አልተዋጠችልኝም። እኔም እንደዛ ነበር የማስበው። ካልኩለስ ላይ ጎበዝ ስለነበርኩ ዘጠነኛ ክፍል ምን ያቅተኛል ብዬ ገባሁ። ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ ባለ ትምህርት ቤት ለልምምድ ስመደብ ግን በመጀመሪያው ሳምንት ላብ አጠመቀኝ። ግማሹ ክፍል (ሀ + ለ)² ማለት ሀ² + ለ² ነው ብሎ ጻፈ። በቀይ ሰረዝኩት። በማግስቱም ያንኑ ጻፉ። ይከታተሉኝ የነበሩት አንጋፋ መምህር ጠመኔውን ተቀበሉኝና ሰሌዳው ላይ አራት ማዕዘን የጤፍ ማሳ ሳሉ። እያንዳንዱን ጎን 3 እና 4 ሜትር ብለው ከፈሉት፤ ጠቅላላው 49 ካሬ። "በእናንተ ስሌት 25 ነው። የቀረውን 24 ማን አረሰው?" ክፍሉ በሳቅ አውካካ፤ ጎጃም ውስጥ መቼም በማሳ ድንበር አይቀለድም! አንዲት ልጅ ወጥታ ሁለቱን ባለ 12 ቁራሾች በጣቷ አሳየች። ይህን ካልኩለስ አላስተማረኝም። ሥልጠናው እንከን የለበትም አልልም፤ ንድፈ ሐሳብ ይበዛበታል፣ ተማሪ ፊት የምንቆምበት ጊዜ ደግሞ ትንሽ ነው። "ችግሩ ሥልጠናው ሳይሆን የመምህር ደሞዝ ነው" የምትለው ወንድሜ፣ ልክ ነህ፤ አብረውኝ ከሠለጠኑት ሁለቱ ዛሬ ባጃጅ ይነዳሉ። ግን ፒጂዲቲ ቢቀር ደሞዝ አይጨመርም። ይልቅ ልምምዱን አርዝሙት።