ስለ ጌሾ የጠየቀኝ ፈረንጅ

ዴንቨር ከመጣሁ አስራ አንድ ዓመቴ ነው። በእነዚህ ዓመታት ሁሉ ቢራ ሲባል ያዘዝኩት አንድ ዓይነት ብቻ ነው። ቢጫ፣ ቀለል ያለ፣ በረዶ የመሰለ ላገር። ሐበሻ ቤት ስገባ የአገር ቤቱን፣ ፈረንጅ ቤት ስገባ እሱን የሚመስለውን። ሌላውን ዞር ብዬም አላየው። ባለፈው ጥቅምት ግን አንድ ነገር ገጠመኝ፤ እስካሁን ከሆዴ አልወጣም።

አንድ የሥራ ባልደረባችን ወደ ሌላ ከተማ ሊዛወር ነበርና ለስንብት አንዲት ትንሽ ቢራ ጠማቂ ቤት ሄድን። እዚህ ከተማ እንዲህ ያለ ቤት በየሰፈሩ አለ። ትልልቆቹ ጋኖች ከመስታወት ጀርባ ይታያሉ፣ የጠመቀው ሰው ራሱ ይቀዳልሃል። ጥቁር ሰሌዳ ላይ አስራ ስድስት ዓይነት ቢራ በጠመኔ ተጽፏል። እኔ እንደ ልማዴ ላገር አልኩ። ልጁ እየቀዳልኝ ከየት እንደሆንኩ ጠየቀኝ። ኢትዮጵያ አልኩት። ፊቱ በራ።

"ጌሾ!" አለኝ።

ቡና ወይ ሩጫ ይለኛል ብዬ ነበር የጠበቅኩት። ከዚያ ጥያቄውን ያዥጎደጉደው ጀመር። ቅጠሉን ነው የምትጠቀሙት እንጨቱን? ትቀቅሉታላችሁ ወይስ ይዘፈዘፋል? ስንት ቀን? መራራነቱ ምላስ ላይ ይቆያል ወይስ ቶሎ ይሄዳል? አንዱንም አልመለስኩለትም። እናቴ እኮ በዓል በመጣ ቁጥር ጠላ የምትጠምቅ ሴት ናት! ውሃ ያመላለስኩት እኔ፣ ጌሾ የወቀጥኩት እኔ፣ ጋኑን አንከባልዬ እንዲታጠን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ግን መጠኑን አላውቅም። ቀኑን አላውቅም። የቱ ለምን እንደሚገባ አላውቅም። "እናቴ ናት የምታውቀው" አልኩት። እሱ ምንም አላለም፣ በትህትና ራሱን ነቀነቀ። እኔን ግን ላብ አጠመቀኝ።

ልጁ በዚህ አልተወኝም። በእንጨት ሰሌዳ ላይ አራት ትንንሽ ብርጭቆ ደርድሮ አመጣና ከግራ ወደ ቀኝ ቅመስ፣ መጀመሪያ ግን አሽትተው አለኝ። እኛ ቢራ የምናሸተው ተበላሽቷል ብለን ስንጠረጥር ነው። ታዛዥ ሆኜ አሸተትኩ።

የመጀመሪያው የስንዴ ቢራ ነው፣ የጀርመኖቹ። ደፍረስ ያለ ነው። ሙዝ ሙዝና ቅርንፉድ ቅርንፉድ ይላል፤ ውስጡ ግን ሙዝም ቅርንፉድም የለም፣ ሽታውን የሚያመጣው እርሾው ነው። ሁለተኛው ጎዜ የሚሉት፣ ኮምጠጥ ያለ፣ ጨውና የድንብላል ፍሬ የገባበት። ሦስተኛው አይፒኤ የሚሉት፣ በጣም መራራ ቢራ። እሱን ኮሶ ነው ብዬ መለስኩት፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

አራተኛውን ወደ አፍንጫዬ ሳስጠጋ እጄ ቆመ። ጢስ! ዓይኔን ብጨፍን የእናቴ ጓዳ ውስጥ ነኝ፤ ወይራው እየጨሰ፣ ጋኑ አፉን ደፍቶ። ለካ ባምበርግ በምትባል የጀርመን ከተማ ብቅላቸውን በእንጨት ጢስ ያደርቁታል። ልጁ እንደነገረኝ ድሮ አውሮፓ ውስጥ ብቅል በእሳት ስለሚደርቅ ብዙው ቢራ ጢስ ጢስ ይል ነበር። ጢስ የሌለው ማድረቂያ ሲመጣ ሌላው ተወው። ባምበርጎች ግን አልተዉም፣ ዛሬ ሰው ለእሱ ብሎ በአውሮፕላን ይሄዳል። እነሱ እህሉን ያጥናሉ፣ እኛ ዕቃውን። ይህንን ብቻ ነበር ለልጁ ልነግረው የቻልኩት፣ ጋኑን በወይራ እንደምናጥን። ወዲያው ደብተር አውጥቶ ጻፈው። እኔ በልጅነቴ ዓይኔን አቃጠለኝ ብዬ ስሸሸው የነበረውን ጢስ ሰው ደብተር ላይ ሲጽፈው አየሁ።

ከዚያ በኋላ ነው መቅመስ የጀመርኩት። ቀላል አልነበረም። አይፒኤ ብቻውን ሦስት ወር ፈጀብኝ። በቀጥታ ከላገር ወደ እሱ መዝለሌ ነው ስህተቱ። መጀመሪያ ፔል ኤል የሚሉትን፣ መራራው ለዘብ ያለውን፣ ደጋግሜ ጠጣሁ። በረዶ ሳይሆን ትንሽ ለቀቅ ሲል ነው ሽታው የሚወጣው። አንድ ቀን መራራውን አልፌ የግሬፕፍሩት ልጣጭ ሸተተኝ። ፍሬ አልገባበትም፣ የሆፑ ሽታ ነው፤ ሆፕ ፈረንጆቹ እንደ እኛ ጌሾ ቢራ የሚያመርሩበት አበባ ነው። ካስኬድ የሚባል ሆፕ አለ፣ እዚሁ አሜሪካ ኦሪገን ውስጥ ተዳቅሎ እ.ኤ.አ. በ1972 ለገበሬ የተሰጠ። የአሜሪካ ክራፍት ቢራ፣ የትንንሾቹ ጠማቂዎች ማለት ነው፣ ያንን ሽታ ይዞ ነው የተነሳው። ከቃሪያ ጋር ግን አትሞክሩት። መራራው ቃጠሎውን ያባብሰዋል። ለዶሮ ወጥ የስንዴው ቢራ ይሻላል፣ እኔ መስክሬያለሁ።

ላገር ክፉ ነው እያልኩ አይደለም። ጥሩ ላገር መጥመቅ ከባድ ነው፣ ስህተት የሚደበቅበት ቦታ የለውም። እ.ኤ.አ. በ1842 ፒልዘን በምትባል የቼክ ከተማ የመጀመሪያው ወርቃማ ላገር ከተጠመቀ ወዲህ ዓለምን ያዳረሰው ያለ ምክንያት አይደለም። እኛ ዘንድም ጊዮርጊስ ከ1915 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፣ አባቶቻችን አብረውት ያረጁ ነው። የሚያናድደኝ ሌላ ነው። ቢራን እንደ ኳስ ቡድን መደገፋችን። አንዱን ይዘን ሌላውን እንሰድባለን፣ የምንሰድበው ደግሞ ያው ላገር ነው! ዓይናችንን ሸፍነው ቢያቀርቡልን ስንቶቻችን እንለያቸዋለን? ከላገር ወጣ ያለው ሲመጣ ደግሞ አንነካውም። የሐረሩን ሐኪም ስታውት፣ ጥቁሩን ቢራ፣ ስንት ሰው ነው ጥቁር ነው ብሎ ሳይቀምሰው የቀረ?

ዴንቨር አጠገብ አውሮራ ከተማ ያሉ ጓደኞቼን አንድ ቅዳሜ ወደዚያች ቤት ወሰድኳቸው። ደፍረስ ያለ አይፒኤ አዘዝኩላቸው። አንዱ ብርጭቆውን ወደ መብራት አንስቶ አየና "አንተ፣ አተላ ነው እንዴ የምታጠጣን?" አለ። ሁሉም ሳቀ። ሌላው ቀጠለ፣ "ይሄማ ጠላ ነው!"

ጠላ ነው። ስድብ መሆኑ ነው። ቃሉን እንደ ስድብ ከተጠቀሙበት ሰዎች መካከል በጠላ ያላደገ አንድም የለም። ከመካከላቸው አንዱ በጠላ ገንዘብ ነው የተማረው፤ እናቱ ጠላ ሸጠው ነው ያሳደጉት። እሱም ሳቀ። ያንን ሳቅ እስካሁን መርሳት አልቻልኩም።

ባለፈው ዓመት ደግሞ አንድ ሰርግ ላይ ነበርኩ። አንዲት እናት ሁለት ሳምንት ለፍተው ጠላ ጠምቀዋል። አፓርታማ ውስጥ፣ እሳት ጠቋሚው እንዳይጮህ መስኮት ከፍተው በብርድ እያጠኑ! ጠላው የት ነበር መሰላችሁ? በጀሪካን ሆኖ ጠረጴዛ ስር። ጠረጴዛው ላይ የሆላንድና የሜክሲኮ ጠርሙስ ተደርድሯል። ሽማግሌ ሲመጣ ብቻ ጎንበስ ብለው በድብቅ ይቀዳሉ። ምን ሰርቀው ነው የሚደበቁት? ሄጄ ቅዱልኝ አልኳቸው። "አንተም ትጠጣለህ እንዴ ልጄ?" አሉኝ ተገርመው። ጢሱ፣ ኮምጣጣነቱ፣ መጨረሻ ላይ የሚመጣው የጌሾ መራራ። ያ ልጅ ሰሌዳው ላይ በአራት ብርጭቆ ያመጣልኝ በአንድ ኩባያ ውስጥ ነበር።

አገር ቤት የሄድኩ ጊዜም ያው ነው። አዲስ አበባ፣ አንድ በር ላይ እንጨት ላይ የተሰካ ጣሳ አይቼ እንግባ አልኩ። የአክስቴ ልጅ ክንዴን ይዞ ጎተተኝ። "ከአሜሪካ መጥተህ? ሰው ምን ይለናል!" ተጨቃጭቀን ገባን። ባለቤቷ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው ጉሽ ነው ወይስ ፊልተር የሚል ነበር። እኚህ ሴት ስንት ዓይነት ያውቃሉ? የጠቆረውና የቀላው በምን እንደሚለያይ ብጠይቃቸው በአሻሮው ነው አሉኝ፣ እህሉ ሲቆላ ምን ያህል እንደጠቆረ። ስታውትንም የሚያጠቁረው የተቆላ ገብስ ነው። ኮረፌ አለ፣ ቦርዴ አለ፣ ሻሜታ አለ፣ ለማይጠጣው ቅሪቦ አለ። ይህ ሁሉ እያለን አንድ ዓይነት ቢራ ይዘን እንኖራለን።

እዚህ አሜሪካ እ.ኤ.አ. እስከ 1978 ድረስ ሰው ቤቱ ቢራ ቢጠምቅ በፌዴራል ሕግ ወንጀል ነበር። ያን ዓመት ጂሚ ካርተር የፈረሙት ሕግ ነው የፈቀደው፤ ዛሬ ሁለት አዋቂ ያለበት ቤት በዓመት 200 ጋሎን መጥመቅ ይችላል። ብዙዎቹ ዛሬ ስማቸው የገነነ ጠማቂዎች መጀመሪያ ኩሽናቸው ውስጥ በድስት የሞከሩ ሰዎች ናቸው። እየጻፉ፣ እየለኩ፣ ለጎረቤት እያቀመሱ፣ ሲበላሽ እየደፉ። የእኛ እናቶች ኩሽና ግን ከመቼ ጀምሮ ነው የሚጠምቀው? አንድም ቀን ብዕር ይዘን አጠገባቸው አልተቀመጥንም።

ልጁ ስለ ጌሾ ከጠየቀኝ ከዚያች ማታ በኋላ እናቴ ጋ ደወልኩ። ጌሾው ስንት ነው አልኳት። "በዓይን ነው እንጂ" አለችኝ። ኪሎውን ንገሪኝ አልኳት። "ስንት ሰው ሊጠጣ ነው?" አለች። እንዲህ ሆነን ሦስት እሁድ በስልክ ቆየን። ቅጠሉ ለጥንስሱ፣ እንጨቱ በኋላ ለድፍድፉ። አይቀቀልም። እኔም ስትቀቅለው አይቼ አላውቅም ነበር፣ ግን እስክትነግረኝ እርግጠኛ አልሆንኩም። ሆፕ መራራውን የሚሰጠው ሲቀቀል ነው፣ ጌሾ ግን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ቀናት ተቀምጦ ይሰጣል። ልጁ የጠየቀኝ ይህንኑ ነበር።

ጌሾውን ከሐበሻ ሱቅ ገዛሁ፣ ቅጠሉ ለብቻ፣ እንጨቱ ለብቻ ታሽጎ። የመጀመሪያው ሆምጣጤ ሆኖ ተደፋ። ሁለተኛውን አሁን ጠንስሼዋለሁ፣ ሦስተኛ ቀኑ ነው። እናቴ ትናንት ማታ ደውላ ሽታው እንዴት ነው አለችኝ። ክዳኑን ከፍቼ አሸተትኩና ነገርኳት። "ገና ነው፣ አትንካው" አለችኝ።