ጦሳ ነጠላውን ሲከናነብ

የእህቴ ልጅ ዐሥረኛ ክፍል ናት። በቀደም ለአማርኛ ፈተና ስታጠና ደብተሯን ተቀብዬ ጠየቅኋት። «ሰውኛ ዘይቤ ምንድን ነው?»

«ሰው ላልሆነ ነገር የሰውን ባሕርይ ሰጥቶ መግለጽ ነው።» አንድ ቃል አልሳተችም።

ወዲያው እናቴ በመስኮት ከደሴ በላይ ወዳለው የጦሳ ተራራ አየት አደረገችና «ጦሳ ነጠላውን ተከናነበ፤ ልብሱን አስገቡ» አለች።

«አሁን አያትሽ ያለችው ምንድን ነው?» አልኳት።

«ጉም ነዋ ጋሼ!»

አልተሳሳተችም፤ ጉም ነው። ግን ከደቂቃ በፊት በቃሏ ያነበነበችው ነገር በመስኮት ሲገባ አላወቀችውም። እሷን አልወቅስም። ዘይቤን ያስተማርናት እንደ ማባዣ ሰንጠረዥ ነው። መጀመሪያ ስሙ፣ ቀጥሎ ትርጉሙ፣ ከዚያ አንዲት የደረቀች ምሳሌ፤ «አበባዋ ሳቀች»። እኔም በዚያው ምሳሌ ነው የተማርኩት። አበባዋ እስከ ዛሬ እየሳቀች ነው።

ደሴ ያደገ ልጅ ግን የምሳሌ ድሃ አይደለም። ሰኞ ገበያ ሽንኩርት የምትሸጥ ሴት «ና ሆዴ፣ እመርቅልሃለሁ» ትለኛለች። አታውቀኝም፤ ግን ሆዷ ነኝ። አንዱን ነገር ሌላ ነው ብሎ መጥራት፤ ይኸው ተለዋጭ ዘይቤ፣ ያውም ከነምራቂው። የወሎው ንጉሥ ሚካኤል ደሴ ላይ ያሠሩትን የግብር አዳራሽ ስም እዩት፤ አይጠየፍ። መጠየፍ የሰው ነው። ቤቱ ግን ሀብታም ድሃ ሳይል የመጣውን ሁሉ የሚያስተናግድ ሰው ሆኖ ተሰየመ። ልጆቻችን ስሙን ሲጠሩት ያድጋሉ፤ ፈተና ላይ የሚጽፉት ግን አበባዋን ነው።

ሌላው ችግር አቋራጭ ነው። የእህቴ ልጅ «እንደ» የሚል ቃል ካየሽ ተነጻጻሪ ዘይቤ ነው ተብላለች። አይደለም። «ኮምቦልቻ እንደ ደሴ ከተማ ናት» ሲባል ከተማን ከከተማ ጋር ማስተያየት ነው፤ ዘይቤ የለውም። «ኮምቦልቻ ዛሬ እንደ ምጣድ ግላለች» ሲባል ግን ሁለት የማይዛመዱ ነገሮች በሙቀታቸው ተገናኙ። ቁም ነገሩ መገናኘታቸው እንጂ «እንደ» አይደለም።

ከሁሉም የሚያንገበግበኝ መቼት ነው። ቃሉ ራሱ ውብ ነው፤ «መቼ» እና «የት» ተጋብተው የወለዱት። ተማሪዎች ግን «መቼት፦ ደሴ፣ ክረምት» ብለው ያልፉታል። ይህ አድራሻ መሙላት ነው። እንዲህ ያለ ታሪክ አስቡ። አንድ ሰው ከኮምቦልቻ በሚኒባስ ወደ ደሴ የሚያደርሰውን የሀረጎ ዳገት እየወጣ ነው። ለሚስቱ ስልክ ይደውልና «ቤት ነኝ» ይላታል። «እኔም እናቴ ጋ ነኝ» ትለዋለች። ጉሙ ስለከበደ መኪናው ይቆማል። ጉሙ ገፈፍ ሲል ሚስቱ ከፊት በቆመው መኪና መስኮት እያየችው ነው።

አሁን ይህን ታሪክ ወደ ኮምቦልቻ ሜዳና ፀሐይ አውርዱት። ፈረሰ። ሁለቱ ከተሞች መሐል 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው ያለው፤ ግን ደሴ ወደ 600 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች፣ ብርዱም ጉሙም ከዚያ ነው። ታሪኩን ቦታ ሲቀይሩበት ምንም ካልሆነ ደራሲው መቼት አልሠራም ማለት ነው። ክፍል ውስጥ መጠየቅ ያለበት ይህ ይመስለኛል። «ታሪኩ የት ተፈጸመ?» የሚለውን ማንም ይመልሰዋል። «ሌላ ቦታ ቢሆንስ?» ሲባል ግን ልጁ ማሰብ ይጀምራል። ባልና ሚስቱ አንዱ ሌላውን ሸወድኩ ብሎ ሁለቱም መሸወዳቸውም ምፀት ነው። ስሙን ከሳቁ በኋላ ብትነግሯቸው አይረሱትም።

ስሞቹ ይቅሩ የሚሉ አሉ። አልስማማም። ስም የሌለውን ነገር ሁለተኛ ጊዜ ሲያገኙት መለየት ይቸግራል። እኔ የምለው ስሙ ከኋላ ይምጣ ነው። ትልም የሚለውን ቃል ያረሰ ገበሬ ያውቀዋል፤ የመጀመሪያው ፈር ከተጣመመ ሌላውም ይጣመማል። ልጅቷ ግን እርሻውን ሳታይ «ትልም የድርጊቶች የምክንያትና ውጤት ትስስር ነው» ብላ ሸመደደች።

ለማንኛውም፣ የእናቴ ንግግር ንግርም፣ ማለትም የሚመጣውን ቀድሞ መጠቆም፣ ነበረበት። ጦሳን የሚያውቅ ሰው ከመከናነቡ ዝናቡን ቀድሞ ያነባል። ይህንን ላስረዳት ስል ልጅቷ ልብሱን ልታስገባ ወጥታለች።

ዝናቡ አልመጣም። ከአንድ ሰዓት በኋላ ፀሐይ ወጣች። ልጅቷ እርጥቡን ልብስ መልሳ እያሰጣች ወደ ተራራው ቀና አለችና «ይሄ ጦሳ የሚባል ውሸታም!» አለች።

ደብተሯ ቤት ውስጥ ተዘግቶ ተቀምጧል።