ያድግበታል

እኛ ቤት ሳሎን ውስጥ ከአባዬ ፎቶና ከቡፌው ቀጥሎ የተከበረ ነገር ቢኖር የእማዬ ሐረግ ናት። እናንተም ታውቋታላችሁ። ልብ የሚመስል ቅጠል ያላት፣ አረንጓዴው ላይ ቢጫ የተረጨባት፣ በሚስማርና በክር እየተያዘች ግድግዳ ለግድግዳ የምትሄደዋ። የኛዋ ከቡፌው ጥግ ትነሳና በመጋረጃው ዘንግ ላይ አልፋ፣ የእህቴን የምርቃት ፎቶ በላይ በኩል ከባ፣ የእመቤታችን ሥዕል ጋ ስትደርስ በአክብሮት ዝቅ ብላ፣ መጨረሻ በሩ ላይ ትንጠለጠላለች። እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠየቀው ስለሷ ነው። እኔ ሥራ ልያዝ አልያዝ ማንም ግድ የለውም፣ "ውይ ይቺ ሐረግሽ ደግሞ የት ደረሰች!" ነው ወሬው።

ይሄ ሁሉ ግርማ ሞገስ ከምን ላይ የሚነሳ ይመስላችኋል? ከኒዶ ጣሳ። ወተቱን የጠጣው ታናሽ ወንድሜ ነው፣ እሱ ዘንድሮ ጢሙን ይላጫል፣ ጣሳው ግን እዛው ነው። በርግጥ ጣሳ መሆኑን ማንም አያውቅም ምክንያቱም እማዬ ራሷ የሠራችው ነጭ ዳንቴል ለብሷል፣ ዳንቴል የለበሰ ነገር ደግሞ እኛ ሀገር ውስጡ ምን እንዳለ አይጠየቅም።

ባለፈው መጋቢት ቅጠሎቿ ከሥር ጀምረው ቢጫ ማለት ጀመሩ። በቃ ቤቱ ሐኪም ቤት ሆነ። አክስቴ መጣችና መስኮቱ ጋ ያለውን የገረጣ ቅጠል በሁለት ጣቷ ይዛ ረዘም ያለ ዝምታ ዝም ካለች በኋላ "ዓይን ነው" አለች፣ ማን እንደሆነም ስም ልትጠራ ነበር እማዬ ናት ያስቆመቻት። ምድር ቤት ያሉት እትዬ "ኧረ ውሃ ነው ያነሳት" ብለው በጆግ ሙሉ አጠጧት። ወንድሜ ከቲክቶክ የቡና አተላ፣ የእንቁላል ቅርፊትና የሩዝ ውሃ ይዞ መጣ፣ ተክሏ ከኛ የተሻለ ቁርስ በላች። እማዬ ደግሞ የበሽተኛ ፊት እንደማጠብ በወተት በራሰ ጨርቅ ቅጠሎቹን እየወለወለች "ታበራለች እኮ፣ ምንም አልሆነችም" ትላለች። ጣሳውን አንስቶ ሥሩን ያየ ግን የለም።

እኔ አነሳሁት። ሥሩ በዛገው ቀዳዳ ወጥቶ ዳንቴሉን ወግቶ ቡፌው ላይ እየሄደ ነው። ጣሳው ውስጥ አፈር የሚባል ነገር አልቀረም፣ ሥር በሥር ላይ ተጠምጥሞ የጣሳውን ቅርጽ ይዟል፣ የምታጠጣው ውሃም ሳይቆም በቀዳዳው ይወርዳል። የእትዬ ጆግ ውሃ ያረጠበው ሐረጓን ሳይሆን ከሥር ያለውን የመብራት ቢል ነበር። "እማዬ ይቺ ልጅ ቤት ጠቧታል፣ እንቀይርላት" አልኩ። እማዬ "የኮንዶሚኒየም ዕጣ ስንት ዓመት ጠብቀን ነው የደረሰን፣ እሷም ትጠብቅ" አለችኝ።

ትንሽ ሳነብ ደግሞ ይቺ ሴትዮ ቀላል ሰው አይደለችም። ሀገሯ ሞኦሪያ የምትባል ደሴት ናት፣ ፓስፊክ ውቅያኖስ መሃል፣ ታሂቲ አጠገብ። እዛ ትልቅ ዛፍ ላይ ስትወጣ አንዷ ቅጠል አንድ ሜትር ልትጠጋ ትችላለች አሉ፣ እኛ ጋ መጥታ ነው የቡና ስኒ ማስቀመጫ ያከለችው። ስሟም እንደ አዲስ አበባ ሰፈር ሲቀያየር የኖረ ነው። በፈረንጅ 1880 ፖቶስ ብለው መዘገቧት፣ ከዛ ከአንድ ወገን ወደ ሌላ ወገን ሲያዛውሯት ቆይተው በ1964 ኤፒፕሬምነም ኦሪየም ብለው አረፉ፣ ሰው ግን እስከዛሬ በድሮው ፖቶስ ነው የሚላት። ግራ ያጋባቸው ነገር አታብብም። ዕፅዋትን በአበባቸው ነው የሚለዩት፣ እሷ ደግሞ አበባ የሚያወጣውን ሆርሞን በደንብ እንዳትሠራ የሚያደርግ የዘር ጉድለት አለባት፣ ይሄም የታወቀው ገና በ2016 ነው። ይሄን ለአክስቴ ስነግራት "እና አበባ አይደለችም ማለት ነው?" አለችኝ ተቆጥታ። እኛ ሀገር ያበበም ያላበበም አበባ ነው እኮ፣ ቆርቆሮ ላይ ከተተከለ በቃ አበባ ነው።

ወንድሜ በበኩሉ "ናሳ ራሱ አየር ታጸዳለች ብሏል" እያለ እንዳንነካት ተከራከረ። እውነት ነው፣ ናሳ በ1989 ከሞከራቸው ተክሎች አንዷ ናት፣ ግን የተሞከረው ድፍን ባለ ሳጥን ውስጥ ነው እንጂ እማዬ ሽንኩርት በምታቁላላበት ቤት አይደለም። በ2019 ጥናቶቹን እንደገና የፈተሹ ሰዎች ደግሞ መስኮት ከፍቶ አየር ማስገባትን ለመተካት በየካሬ ሜትሩ ከ10 እስከ 1000 ተክል ያስፈልጋል ብለዋል። በዚህ ሂሳብ ሳሎናችን የሚገባው ጉሬዛ ነው እንጂ እንግዳ አይሆንም። ወንድሜ "ቢሆንም ናሳ ነው" ብሎ ዘጋኝ።

ሚያዝያ ላይ ተፈቀደልኝ። አክስቴ "ችግኝ የሚተከለው በሐምሌ ነው፣ ሀገር ሁሉ ሲተክል ትተክላለህ" ብላ ነበር፣ ግን ሳሎን ውስጥ ዝናብ የለም፣ ይቺ የደሴት ልጅ ደግሞ የአዲስ አበባን የክረምት ብርድ አትወድም፣ ሞቅ ሲል ነው ሥሯ የሚነቃው።

ከዛ መትከያ ልንገዛ መንገድ ዳር ካሉት ችግኝ ሻጮች ጋ ሄድን። ልጁ "ፖት" ነው የሚለው፣ እማዬ "ማሰሮ" ነው የምትለው፣ ዋጋው ሲነገር ግን ሁለታችንም የምንለው ጠፋን። እኔ የፈለግኩት ከጣሳው አራት ሴንቲ ሜትር ሰፋ የሚል፣ ከሥሩ ቀዳዳ ያለው። እማዬ የያዘችው ሕፃን ክርስትና የሚነሳበት የሚያክል፣ የሚያብለጨልጭ፣ ቀዳዳ የሌለው። "ይሄን ግዛ፣ ያድግበታል" አለች።

ያድግበታል! ይሄን ቃል የማያውቅ እጁን ያውጣ። እኔ በዚህ ቃል ነው ያደግኩት። ሁለት ቁጥር የሚበልጥ ጫማ ጫፉ ላይ ጨርቅ ተጠቅጥቆበት፣ እጅጌው ሦስቴ የታጠፈ ዩኒፎርም ለብሼ፣ ጫማው እግሬ ልክ ሲሆን ሶሉ አልቆ ነበር። ያንን ጫማ አስታወስኳትና ተክልም እንደዛው ነው አልኳት፣ ትንሽ ሥር ትልቅ አፈር ውስጥ ከገባ ውሃውን ጠጥቶ አይጨርሰውም፣ የተረፈው አፈር እንደራሰ ይከርማል፣ ሥሩ አየር አጥቶ ይበሰብሳል። እማዬ ሰምታ ሰምታ "አንተ በሰፊ ጫማ በሰበስክ?" አለች። መልስ አልነበረኝም። በመጨረሻ ሻጩ አስታረቀን፣ ትንሹን የፕላስቲክ ገዝተን ትልቁ ውስጥ እናስቀምጣት፣ ላዩ ለእንግዳ ውስጡ ለሷ። ሁለቱንም ሸጠልን ማለት ነው፣ ጎበዝ ልጅ ነው።

አፈሩን አታንሱብኝ። አራተኛ ፎቅ፣ ሊፍት የለም፣ ግማሽ ጆንያ ቀይ አፈር ከተብላላ ፍግና ከቀይ ድንጋይ ኮረት ጋር ተሸክሜ ስወጣ በየፎቁ በር እየተከፈተ "ምንድነው?" እባላለሁ። "አፈር ነው" ስል ማንም አላመነኝም፣ ስኳር መጣ ተብሎ ሁለት ሰው ተከትሎኝ ወጣ። የግቢያችንን ጥቁር አፈር ለምን አልተጠቀምክም የምትሉ ካላችሁ፣ እሱ ሲርስ ሊጥ ሲደርቅ ሸክላ ነው፣ የፎቁን ደረጃ ሰንጥቆታል እንኳን ሥር።

የቀዶ ጥገናው ቀን ቤቱ ሞላ። እማዬ ለማንም አልነገርኩም ትላለች ግን ቡና ተፈልቷል፣ ሰው ሁሉ ደግሞ ባዶ ብርጭቆና የታጠበ የማር ጠርሙስ ይዞ ነው የመጣው፣ ቁራጭ ለመውሰድ። አክስቴ ብቻ ባዶ እጇን ነበረች፣ "የሰጡህ አበባ አይይዝም፣ የሚይዘው የሰረቅከው ነው" የሚል የቆየ እምነት አላት፣ ስለዚህ ማንም ዓይኑን ከሷ አልነቀለም።

ጣሳውን በመቀስ ቀደድኩት። ሥሩን በጣቴ ፈታ ፈታ አድርጌ የበሰበሰውን ቆርጬ፣ በድሮው ጥልቀት አስገብቼ አፈሩን ሞላሁ። የሐረጓ ፈሳሽ ቆዳ ያሳክካል፣ ውስጡ እንደ መርፌ የሾሉ ክሪስታሎች አሉት፣ ለድመትና ለሕፃን አፍ አይሆንም። እስከዚህ ሁሉም ደህና ነበር። ከዛ ሐረጉን ከግድግዳው ማውረድ ጀመርኩ። ከየአንጓው የወጡት ሥሮች ቀለሙን ይዘውት ይነሳሉ፣ እማዬ በየሚስማሩ "ቀስ!" ትላለች፣ የመጋረጃው ዘንግ መሃል ጋ ስደርስ ግን ሐረጉ እጄ ላይ ቀለለኝ። ግድግዳውንም አልያዘም። ጠጋ ብዬ ሳይ አንጓው ላይ አረንጓዴ ክር ታስሯል። ከክሩ ወዲያ ያለው በሙሉ ፕላስቲክ ነው።

ዘወር አልኩ። እማዬ በዓይኗ ቆነጠጠችኝ። ዕድሜዬን በሙሉ የማውቀው መቆንጠጥ ነው፣ አሁንም ያማል።

ጓዳ ጠርታኝ በሹክሹክታ "በእህትህ ምርቃት ጊዜ መሃሏ ተመልጦ ነበር፣ እንግዳ ሊገባ ነው፣ መርካቶ ሄጄ ቀጠልኳት፣ ከዛ በኋላ ለማን ልናገር" አለችኝ። እና አሰብኩት። የምርቃቱን ፎቶ የከበበችው ፕላስቲክ ናት። ለእመቤታችን ዝቅ ያለችው ፕላስቲክ ናት። "የት ደረሰች" የተባለላት ጫፍ፣ በሩ ላይ የተንጠለጠለችዋ፣ ፕላስቲክ። አክስቴ ዓይን በላው ያለችው ቅጠልም ፀሐይ ያነጣው ፕላስቲክ ነበር።

ሳሎን ስመለስ ለሁሉም ከእውነተኛው ቆረጥኩ፣ ቢያንስ አንድ አንጓ እንዲኖረው ተጠንቅቄ፣ ሥር የሚወጣው ከሱ ነውና። እትዬ ግን እምቢ አሉ። "ልጄ ለኔ ያችን በሩ ጋ የደረሰችውን ጫፏን ስጠኝ፣ ጠንካራዋ እሷ ናት።" "እትዬ ይሄኛው ይሻልዎታል፣ አንጓ አለው..." "ጫፏን!" እማዬን አየሁ፣ እማዬ ጣሪያ ታያለች። በመጨረሻ ራሷ ተነስታ በመቀስ ቆርጣ፣ በእርጥብ ጋዜጣ ጠቅልላ፣ "ይያዝልዎት" ብላ ሰጠቻቸው።

የኛዋ ካዛወርናት በኋላ አኮረፈች። ሁለት ሳምንት ቅጠል አረገፈች፣ ደነገጥን፣ ሦስተኛው ላይ እንደ ጥቅል ወረቀት የተጠቀለለ አዲስ ቅጠል ብቅ አለ። አጭር ናት አሁን፣ መጋረጃውም ጋ አልደረሰችም፣ እንግዳ ሲገባ እማዬ "ታማ ነበር" ትላለች።

በወሩ እትዬ ቡና ሊጠጡ መጡና ወደ ግድግዳው አንጋጠው ከንፈራቸውን መጠጡ። "ውይ እንዲህ ትሁን? የኔዋ እኮ እግዜር ይመስገን አንድ ቅጠል አልረገፈባትም፣ ብርጭቆ ላይ ናት ገና፣ ውሃዋን በየሁለት ቀኑ እቀይርላታለሁ።"

"የእርስዎ እጅማ ያጸድቃል" አለች እማዬ ጀበናውን እያየች።

አክስቴ ምንም አላለችም። በማግስቱ ግን እትዬን ለመጠየቅ ብላ ምድር ቤት ወረደች፣ ስትመለስ የቦርሳዋ ዚፕ አልተዘጋም ነበር፣ በዚፑ በኩል አንዲት አረንጓዴ ቅጠል ወጥታ ታበራለች።