ሎርድ ላንስዳውን፦ የአገር ሰው ወይስ የርስት ዘበኛ?

አምስተኛው የላንስዳውን ማርኪስ (1845–1927 እ.ኤ.አ.) የካናዳ አገረ ገዥ፣ የህንድ እንደራሴ፣ የጦር ሚኒስትር፣ ከ1900 እስከ 1905 ደግሞ የእንግሊዝ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ነበሩ። ሁለት ጸሐፍት ተከራክረውባቸዋል፤ ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ደጋፊ፦ ባላባት ሆነው በመወለዳቸው ብቻ አንፍረድባቸው። ሥልጣኑን ሲረከቡ እንግሊዝ በአውሮፓ ወዳጅ አልነበራትም። በ1902 ከጃፓን ጋር ቃል ኪዳን አሰሩ። በ1904 ግብፅን ለእንግሊዝ፣ ሞሮኮን ለፈረንሳይ በመተው ከፓሪስ ጋር የነበረውን የዘመናት ቁርሾ ዘጉ። የፈረንሳዊ ጄኔራል የልጅ ልጅ ናቸውና ቋንቋውንም አቀላጥፈው ይናገሩ ነበር።

ተቃዋሚ፦ ፓሪስን ትተው እስቲ ወደ አየርላንድ ይምጡ። በ1887 በሉጋከረን ርስቱ ኪራይ ይቀነስልን ያሉ ጭሰኞች ከነልጆቻቸው ከቤት ተባረሩ፤ ጌታው ግን ካናዳ ተንደላቆ ነበር። ይኸው ሰው በ1909 የገንዘብ ሚኒስትሩ የሎይድ ጆርጅ በጀት መጣበት። በጀቱ ለአረጋውያን ጡረታና ለጦር መርከብ የሚሆን ገንዘብ ፈልጎ፣ ባለመሬቱ ሳይደክም የመሬቱ ዋጋ ሲያሻቅብ ከትርፉ ግብር ይክፈል ይላል። የተመረጠው ምክር ቤት ያጸደቀውን ይህን በጀት ማንም ያልመረጣቸው የላይኛው ምክር ቤት ሎርዶች 350 ለ75 ጣሉት። ይጣል የሚለውን ሐሳብ ያቀረበው ማን ነው? ላንስዳውን! ለእኛም ቢሆን ትቶልን የሄደው ነገር አለ፤ በ1902 አጼ ምኒልክ ያለ እንግሊዝና ሱዳን ፈቃድ የዓባይንና የጣናን ውሃ የሚያግድ ሥራ እንዳይሠሩ የገቡበት ውል የእሱ መሥሪያ ቤት ሥራ ነው።

ደጋፊ፦ በጀቱን «ሕዝብ ይፍረድበት» ነው ያሉት። ሕዝብ በጃንዋሪ 1910 መረጠ፣ ሎርዶቹም በኤፕሪል አሳለፉት። ቃል መጠበቅ ይህ ነው። ደግሞስ በአንደኛው የዓለም ጦርነት መካከል፣ በኖቬምበር 1917 «ጦርነቱ ከቀጠለ የሠለጠነው ዓለም ይጠፋል» የሚለውን ደብዳቤ የጻፈ ማን ነው? ታይምስ ጋዜጣ አላትምም ሲላቸው ወደ ዴይሊ ቴሌግራፍ ጋዜጣ ወሰዱት። የገዛ ፓርቲያቸው ካዳቸው። ሁለተኛ ልጃቸው በ1914 ቤልጅግ ውስጥ በኢፕር ግንባር ወድቋል፤ የሚናገሩትን ያውቃሉ።

ተቃዋሚ፦ ለልጁ እኔም አዝናለሁ። ነገር ግን ኦገስት 2 ቀን 1914 ከፓርቲው መሪ ከቦናር ሎው ጋር ሆኖ፣ መንግሥት ሳይውል ሳያድር ከፈረንሳይና ከሩሲያ ጎን ይሰለፍ ብሎ የገፋፋው ያው ላንስዳውን ነው። የሌላው ሰው ልጅ ሲዘምት ያልታየው ጥፋት ከሦስት ዓመት በኋላ ታየው ማለት ነው?