«ልጄ ናት» ሲባል ፎርሙ የሚሰማው

ባለፈው ሳምንት አንዲት እናት የዜግነት ፎርም እየሞሉ «የልጆች ብዛት» የሚለው ጥያቄ ላይ ሲደርሱ እስክሪብቷቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ቀና ብለው አዩኝና «የወለድኳቸውን ነው ያሳደግኳቸውን?» አሉኝ።

ጠበቃ አይደለሁም፤ አስተርጓሚ ነኝ። ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ፣ በኢሚግሬሽን ጠበቃና በእኛ ሰው መሀል ተቀምጬ ዓመታት ቆጥሬያለሁ። የማወራላችሁ ሰዎች እንዳይታወቁ አንዳንዱን ነገር ቀያይሬዋለሁ።

አሜሪካ ያለን ሰዎች ኬዛችን ሲበላሽ የምናማርረው ሕጉን ነው። ሕጉ እውነትም አይራራም። ግን እኔ ካየሁት ብዙው ጣጣ የሚጀምረው ቀደም ብሎ ነው። እኛ ቤተሰብ የምንለውና ፎርሙ ቤተሰብ የሚለው አይገጥሙም። ይህን አለመግጠም ደግሞ ለጠበቃ ሳንናገር በራሳችን «እናስተካክለዋለን»።

የሴትየዋን ነገር ልንገራችሁ። እህታቸው ስትሞት የ4 ዓመት ሴት ልጅ ትታ ነበር። ወሰዷት። ትምህርት ቤት ሲያስመዘግቧት በባላቸው ስም አስጠሯት፤ ልጅቷም እማዬ እያለች አደገች። ሰፈር ውስጥ «ወልደዋት ነው?» ብሎ የጠየቀ አልነበረም፤ መጠየቁም ነውር ነው። ልጅቷ 12 ዓመት ሲሞላት ዲቪ ደረሳቸው። ፎርሙን የሞላላቸው የኢንተርኔት ቤት ልጅ ግን ገና ሲሞላ «ያልወለዷት አትገባም» ብሏቸው ስለነበር ሁለቱን ልጆቻቸውን ብቻ ይዘው መጡ።

እውነቱን ለመናገር ልጁ አልተሳሳተም። ያልነገራቸው ነገር ግን አለ። የአሜሪካ ሕግ የጉዲፈቻ ልጅን እንደ ልጅ ይቀበላል፤ 16 ዓመት ሳይሞላት ጉዲፈቻው ከጸደቀ፣ በሕጋዊ አሳዳጊነት ሥር 2 ዓመት ከቆየችና አብረው 2 ዓመት ከኖሩ። ልጅቷን የወሰዷት ሰሞን ፍርድ ቤት ቀርበው ጉዲፈቻውን ቢያጸድቁ ኖሮ አብራቸው አውሮፕላን ትሳፈር ነበር። ግን ለእህት ልጅ ማን ፍርድ ቤት ይሄዳል? ሰው ቢሰማ «የገዛ ሥጋዋን በወረቀት ተቀበለች» ብሎ ይስቅ ነበር። ልጅቷ አሁን 17 ዓመቷ ነው።

እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥም በየቡናው የሚሰጠው ምክር ይታወቃል። «ወለድኳት በያ! ማን ያውቃል?» ዲኤንኤ ያውቃል። ኤምባሲው ከተጠራጠረ ምርመራ ይጠይቃል። ውጤቱ «እናቷ አይደሉም» ብሎ ሲመጣ ነገሩ በልጅቷ ብቻ አያበቃም። የሴትየዋ ቃል ከዚያ በኋላ አይታመንም፤ የወለዷቸው ልጆች ፋይልም አብሮ ይመረመራል። በሐሰት መረጃ ቪዛ መጠየቅ ደግሞ የዕድሜ ልክ እገዳ ሊያመጣ ይችላል።

ተቃራኒውም አለ፤ የወለዱትን መደበቅ። የዲቪ ደንብ ግልጽ ነው። ሚስት ወይም ባል፣ ከ21 ዓመት በታች ያሉ ያላገቡ ልጆች በሙሉ ይጻፋሉ። አብረው ባይኖሩም፣ አብረው ባይሄዱም፣ ከትዳር ውጭ የተወለዱም ቢሆኑ። የእኛ ሰው ግን «ነጠላ ልበል፣ ይቀላል» ይላል። ወይም ሚስቱ የማታውቃት ልጅ ክፍለ ሀገር አለችው። ኤምባሲው መስኮት ፊት ቆሞ ልጅ እንዳለው ሲናገር ዕድሉ እዚያው ያበቃል፤ የከፈለውም አይመለስለትም። ተደብቆ ካለፈም ከዓመታት በኋላ ያቺኑ ልጅ ላምጣ ሲል የድሮው ፎርም ይወጣበታል። ዲቪ ከደረሰ በኋላ በገንዘብ ስለሚደረገው ጋብቻ አልጽፍም። ሁላችንም እናውቀዋለን።

ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበኝ ግን ሠርግ ነው።

አንድ አባት ግሪን ካርድ እንዳገኙ አዲስ አበባ ላለችው ልጃቸው አመለከቱ። ልጅቷ 22 ዓመቷ ነበር፤ ወረፋው ረዥም ነው። ዓመታት ሄዱ። ልጅቷ ሰው ወደደች፤ ሽማግሌ ተላከ። አባትየው ሁለት ሥራ እየሠሩ ዶላር ላኩና ደግሰው ዳሯት። ቢሯችን የመጡት የቪዛው ወረፋ ደረሰ ሲባል በደስታ ነው። የሠርጉን ፎቶ በስልካቸው ይዘው፣ «አማቼም ይጨመርልኝ» ለማለት። ጠበቃው ፎቶውን አየና ዝም አለ። የግሪን ካርድ ባለቤት ላገባ ልጅ ማመልከት አይችልም፤ እንዲህ ያለ መደብ ጨርሶ የለም። ልጅቷ ያገባች ዕለት ማመልከቻው ሞቷል። አባትየው ቀድመው ዜጋ ቢሆኑ ኖሮ ወደ ሌላ መደብ ይዛወር ነበር፤ እዚያም ወረፋው ከ10 ዓመት በላይ ነው።

ያንን ያስተረጎምኩት እኔ ነኝ። «ሞቷል» የሚለውን ቃል አልደፈርኩትም፤ «አይሠራም» አልኳቸው። «ለምን ቀድሞ አልተነገረኝም?» አሉ። ማን ይንገራቸው? ማመልከቻውን የሞላላቸው ታክስ የሚሠራላቸው ሰው ነው። እሱ ስለ ሠርግ አልጠየቃቸውም፤ እሳቸውም ሠርግ ከኢሚግሬሽን ጋር ይገናኛል ብለው አላሰቡም።

የቀን አቆጣጠሩ ጣጣም ቀላል አይደለም። አንዷ እናት የልጃቸውን ልደት 1996 ብለው ሞሉ። የእኛ 1996 ነው፤ በፈረንጅ 2003 ወይም 2004 ይሆናል። በአንድ ቁጥር ልጁ ከ7 ዓመት በላይ አረጀ። 21 ዓመት ትልቁ መስመር በሆነበት ሕግ ይህ ቀልድ አይደለም። ይታረማል፤ ግን ማስረጃ ይጠይቃል። የልደት ምዝገባ ደግሞ አገራችን ውስጥ በወጉ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ስለሆነ የብዙዎቻችን የልደት ካርድ ከልደታችን ብዙ ዓመት ዘግይቶ የወጣ ነው። ስለዚህ የክርስትና ወረቀት፣ የክትባት ካርድ፣ የአንደኛ ክፍል ሰርተፍኬት ፍለጋ ይገባል። አንዲት ቁጥር ማረም አንድ ዓመት ይበላል።

እናትን አራስ ለማስጠየቅ ማምጣትም ከዚሁ የሚመደብ ነው። ሕጉ ለጉብኝት ቪዛ የሚቀርብን ሰው ሁሉ «ለመቅረት ነው የሚመጣው» ብሎ ይጀምራል፤ ሌላ መሆኑን የማሳየት ሸክም የአመልካቹ ነው። የልጅየዋ ግብዣ ደብዳቤና የባንክ ሒሳብ ያን ያህል አያነሱትም። እናት መስኮቱ ጋ ይደርሳሉ። «አገር ቤት ማን አለዎት?» ይባላሉ። በእኛ ወግ አንጀት ለመብላት «ኧረ ማን አለኝ ልጄ፣ እሷ ብቻ ናት ያለችኝ» ይላሉ። ቤታቸው፣ መሬታቸው፣ ሌሎቹ አምስት ልጆቻቸው፣ የዕድር ሰብሳቢነታቸው ሁሉ ሳይነገር ይቀራል። ለቪዛው ማመልከቻ የከፈሉት 185 ዶላርም አብሮ ይቀራል። እውነቱን ቢናገሩ ይሻላቸው ነበር እኮ!

በፍጥነት ሁለት ነገር ልጨምር፤ በየጊዜው ስለሚጠየቁ። ዜጋ የሆነ ልጅ እናቱን ሲያመጣ ታናሽ እህቱ በዚያው ማመልከቻ አብራ አትመጣም፤ እናት ከገቡ በኋላ ለብቻዋ ያመለክቱላታል። ስፖንሰር ሆኖ መፈረምም እንዲያው የይሉኝታ ነገር አይደለም። ለሚስትህ ከፈረምክ ብትፋቱም ግዴታው አይቀርም።

ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው? ከራሴ ልጀምር። ሥራ የጀመርኩ ሰሞን አንድ ጥገኝነት ጠያቂ «ወንድሜ ታስሮ ነበር» አለ። ወንድም ብዬ ተረጎምኩ፤ ሌላ ምን እላለሁ? ፎርሙ ላይ ግን ለእናቱ አንድ ልጅ ነው ተብሎ ተሞልቷል። የአጎቱ ልጅ ነበር። ጠያቂው ባለሥልጣን «ቃሉ ይጋጫል» ብሎ ጻፈ። አስተርጓሚ የሰማውን ነው የሚያስተላልፈው፣ ከራሱ አይጨምርም። ያም ሆኖ «ወንድም በእኛ ቋንቋ ብዙ ሰው ነው፣ ይጠየቅልኝ» ለማለት እጅ ማውጣት እችል ነበር። ዛሬ አወጣለሁ።

ጠበቆቹም አይመለከታቸውም አልልም። «ስንት ልጅ አለሽ?» ብለው ያልፋሉ፤ «ቤትሽ ማን አደገ? በማን ስም ይጠራል? ያገባ አለ?» ብለው የሚጠይቁ ጥቂት ናቸው። የእኛ ሰው ደግሞ ጠበቃ ውድ ነው ብሎ ታክስ ሠሪውን፣ ትራቭል ኤጀንሲውን፣ ቲክቶክን ይጠይቃል። እነዚህ የሕግ ምክር ለመስጠት ፈቃድ የላቸውም። ፈቃዱ ያለው ጠበቃው ነው፤ ወይም በበጎ አድራጎት ድርጅት ውስጥ የሚሠራ፣ ከአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር ዕውቅና ያገኘ ተወካይ። እነዚህ ተወካዮች ደግሞ በነፃ ወይም በትንሽ ክፍያ ይሠራሉ። በእኔ ግምት ለአንድ ሰዓት ምክር መሄድ ያለብን ፎርሙ ከመሞላቱ በፊት፣ ከሠርጉም በፊት ነው። ብዙዎቻችን የምንሄደው የእምቢታው ደብዳቤ ከመጣ በኋላ ነው።

ሴትየዋ እስክሪብቶውን እንዳስቀመጡ ናቸው። ጠበቃዋ ነገሩን ሁሉ ሰማችና «የወለዷቸውን ሁለቱን ይጻፉ፤ ስለ ልጅቷ ለብቻው እንመካከራለን» አለች። ተረጎምኩላቸው። ትንሽ ቆዩና «ይሄን ወረቀት እሷ ታየዋለች?» አሉኝ።

አታየውም አልኳቸው። 2 ብለው ጻፉ።